ከእግር ሥር ያለው ቦታ

በጎንደር ባሳለፍሁት የመጨረሻ ማታ አባቴ «እኔ ካላየሁት» ብለው ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። የሞቀ ልብስ መያዜን ሊያረጋግጡ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሹራቦቹን አልነኳቸውም። በቀጥታ ወደ ብሩሾቼ ሄዱና ጠጉራቸውን በአውራ ጣታቸው እያበጠሩ አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ በጋዜጣ የጠቀለልሁትን የቆዳ ሙጫ አውጥተው አሸተቱና «ስመኝ፣ ይህን ይዘሽ ከገባሽ ጣልያን ሳትደርሺ ከሰማይ ያወርዱሻል» አሉኝ። በምትኩ ቀይ አፈር በሁለት ፌስታል አስገቡልኝ፤ ከወለቃ፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ራሳቸው አምጥተው፣ ሰልቀው፣ በወንፊት የነፉት ነው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ናቸው። ከዳባት እስከ ማክሰኝት የእርሳቸው እጅ ያላረፈበት ደብር ጥቂት ነው። እኔ ሥዕልን በዩኒቨርሲቲ ተምሬ ሥዕል ያስተማርሁ ሴት ብሆንም፣ ብሩሽ መያዝን የተማርሁት ከእርሳቸው ነው። ያን ማታ ስለ መለያየት ማውራት ለሁለታችንም ስለከበደን ይመስለኛል፣ ስለ ሥራ አወራን።

በአገራችን ሥዕል ያሠራ ሰው በሥዕሉ ግርጌ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ተጋድሞ፣ እጆቹን ለልመና ዘርግቶ እንደሚሣል ታውቃላችሁ። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ሰው ግን ለዚያች ትንሽ ቦታ ይጣላል። አንድ የማክሰኝት እህል ነጋዴ «አለቃ፣ እጄን ሲዘረጉልኝ ሰዓቴ እንዳይሸፈን አደራ» ብለው አባቴን መለመናቸውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ እስቃለሁ።

«አባባ፣ እርስዎ ግን በዚያ ሁሉ ግድግዳ ላይ አንድ ቀን እንኳ ራስዎን ከሥር አልሳሉም» አልኋቸው።

«እኔ ሠሪ እንጂ አሠሪ አይደለሁ። ከሥር የሚተኛ የሚለምነው ያለው ሰው ነው። እኔ ምን ልለምን? ሁሉን ሰጥቶኛል» አሉና የሻንጣውን ዚፕ ዘጉት።

የሄድሁት ለስድስት ወር ነበር፤ ያረጀ የግድግዳ ሥዕል እንዴት እንደሚጠገን ልሠለጥን። ሥልጠናው ሲያልቅ በአገር ቤት መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ዘመዶቼ መስመር ባገኙ ቁጥር «ምነው ትቸኩያለሽ? ትንሽ ቆዪ» ይሉኝ ጀመር። «ትንሽ» ማለት ምን ያህል እንደሚረዝም፣ በስደት ያላችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ጣልያን ስገባ የተቀበለኝ የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ ነው። ፌስታሎቹን ከፍቶ ቀይ ዱቄቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አፈር።»

«የሚበላ?»

«አይደለም።»

«የሚተከልበት?»

«አይደለም፤ የሚሣልበት ነው።»

ባልደረባውን ጠራ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ሲኞራ፣ ጣልያን አገር አፈር የጠፋ መስሎሽ ነው?» አለኝ ሁለተኛው።

«አፈሩማ ሞልቶላችኋል። የእናንተን ግን ጠባዩን አላውቀውም» አልሁት። ተያይተው ሳቁና አንዱን ፌስታል አስቀርተው አንዱን መለሱልኝ። ያለፈው አፈር ካልተፈቀደው በምን እንደሚሻል እስከ አሁን አልገባኝም።

የምኖረው ቶሪኖ በምትባል ከተማ ነው። ሰማዩ ሲጠራ በረዶ የለበሱ ተራሮች ከአድማስ ይታያሉ፤ መጀመሪያ ያየኋቸው ዕለት ከደባርቅ ማዶ ያሉት መስለውኝ ቆሜ ቀረሁ። ብርዱ ግን እንደ እኛ ደጋ ውርጭ ጧት ቆንጥጦ ረፋድ ላይ የሚለቅ አይደለም፤ አንዴ ከገባ እንደ አማች እንግዳ ተከብሮ ይከርማል። ጎንደር ላይ «ማኪና» እና «ቦርሳ» እየተባለ ላደገ ሰው ቋንቋው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ ነገር ግን በማኪናና በቦርሳ ብቻ ቤት መከራየት አይቻልም።

ቤት ያከራዩኝ ባለቤት ሲኞራ ሪና ይባላሉ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ አጭር፣ ቁጡ፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሴት ናቸው። የምድር ቤቱን ክፍል እያሳዩኝ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሰዓሊ ነኝ፤ የሰው መልክ እሥላለሁ፤ ግድግዳም ላይ እሠራለሁ።»

«ግድግዳ ከሆነ ጥሩ ነው። ወጥ ቤቴ ጠቁሯል።»

ወጥ ቤታቸውን ነጭ ቀባሁላቸው። ከዚያ የጎረቤታቸውን ሳሎን፣ ከዚያ ደረጃውን፣ ከዚያ የማላውቃቸውን ሰዎች ቤት ቀባሁ። ለዓመታት እንጀራዬ ነጭ ቀለም ሆነ። ማታ ማታ በክፍሌ የትዝታዬን ፊቶች በወረቀት ላይ እሥላለሁ፤ ሲኞራ ሪናም አንዳንድ ቀን ፖሌንታ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ይዘው ይመጣሉ። ገንፎ ነው እንዳልል መሐሉ ላይ ለቅቤና ለበርበሬ የሚሆን ጉድጓድ የለውም፤ አይደለም እንዳልል ደግሞ ሽታው ሆዴን ያባባዋል። በማንኪያዬ ጉድጓድ ስሠራበት አይተው «ምን ቀበርሽ?» ብለውኛል።

በዚህ መካከል ባለቤታቸው ሲኞር ኤቶሬ ሞቱ። ከሐዘኑ በኋላ ሲኞራ በሬን አንኳኩተው ገቡና ወረቀት ላይ የሣልኋቸውን ፊቶች ለረጅም ጊዜ አዩ። «ኤቶሬን ግቢው ውስጥ ሣዪልኝ፤ ከመግቢያው በር ስንገባ በሚታየው ግድግዳ ላይ» አሉኝ። የሕንጻው ነዋሪዎች ተሰብስበው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ፈቀዱ፤ ሥራው ሲያልቅ አይተው ይወስናሉ፤ ካልወደዱት ግድግዳውን ራሴ መልሼ ነጭ እቀባዋለሁ። በዚህ አገር ስሜን የምጽፍበት የመጀመሪያ ግድግዳ እርሱ ነበርና እንቅልፍ አጣሁ።

ሲኞር ኤቶሬን በቁመታቸው፣ ዓይናቸውን አጉልቼ፣ ግንባራቸውን አብርቼ ሣልኋቸው። ከእግራቸው ሥር ደግሞ፣ አባቴ እንዳስተማሩኝ፣ ሥዕሉን ያሠሩትን ሲኞራ ሪናን በጎናቸው አጋድሜ፣ እጃቸውን ዘርግቼ አሳመርኋቸው። የሚወዷትን የአንገት ሐብል አልረሳሁም፤ ሰዓታቸውም እንዳይሸፈን ተጠነቀቅሁ።

ሲኞራ ወርደው ሲያዩ መጀመሪያ ባላቸውን አይተው አለቀሱ። ቀጥሎ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ።

«ይህች መሬት ላይ የወደቀችው ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ምን ሆኜ ነው? ደረጃ ጥሎኝ ነው?»

«አይደለም ሲኞራ፣ በአገራችን ይህ የክብር ቦታ ነው። ያሠራው ሰው ነው እዚህ የሚሣለው።»

«ክብር?» ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። «ዕድሜ ልኬን ከዚህ ሰው እግር ሥር ተንበርክኬ ወለል ስወለውል ኖርሁ! ተገላገልሁ ስል ደግሞ ግድግዳ ላይ ለዘላለም አስተኛሽኝ? ክብር ከሆነ እርሱን አስተኚው!»

ከሦስተኛው ፎቅ ሲኞር ጂኖ የሚባሉ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ወጥተው «ሪና፣ ቢያንስ ጫማሽን አልረሳችም!» ብለው ሳቁ። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጣላበትን ቦታ ሰጠኋቸው፤ እርሳቸው የተቀበሉት ስድብ ነው። ስብሰባው በማግስቱ ነበር፤ የነጭ ቀለሙ ባልዲም ከደረጃው ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

የአባቴ ቃል ትዝ አለኝና «ሲኞራ፣ ከሥር የሚተኛ ሰው የሚለምነው ነገር ስላለው ነው። እርስዎ ከሲኞር ኤቶሬ የሚለምኑት የለም?» አልኋቸው።

ወደ ባላቸው ሥዕል ቀና ብለው አዩ። ቀስ ብለው «አንድ ቀን እንኳ ተነሥቶ ወንበር እንዲያቀርብልኝ» አሉ። «ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ አልታየውም።»

በዚያው ዕለት የተኛችውን ሴት ፋቅኋት። ሲኞር ኤቶሬን ትንሽ ገፋ አድርጌ በእጃቸው ወንበር አስያዝኋቸው፤ ሲኞራን እኩል አግዝፌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኋቸው። ለቀሚሳቸው የሚሆን ቀይ ቀለም፣ ገበያ ያመጣውን ሁሉ ሞክሬ ስላልሆነልኝ የወለቃን አፈር በጥብጬ ቀባሁት፤ ሴትዮዋ በሩን አልፎ የገባውን ሁሉ የሚጠሩ ሆኑ።

በማግስቱ ነዋሪዎቹ ከግድግዳው ፊት ቆሙ። ሲኞር ጂኖ መነጽራቸውን አደረጉ። «እኔ ኤቶሬን ከልጅነቱ ጀምሬ አውቀዋለሁ። ለሰው ወንበር ሲያቀርብ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም!»

«ሥዕል ያስፈለገው ለዚህ ነዋ» አሉ ሲኞራ ሪና። ሁሉም ሳቀ፤ ሥዕሉ ይቆይ ብሎም እጁን አወጣ፤ ባልዲው ወደ ቦታው ተመለሰ። ስሜን በጥግ በኩል በፊደላችን ጻፍሁ።

ፎቶውን ለእህቴ ለመሠረት ላክሁላት። መስመር ሲገኝ አባቴ ራሳቸው ደወሉ።

«አየሁት። ሸጋ ነው። ምነው ግን የሴትዮዋን እግር አሳጠርሽው?»

«ተቀምጠው ነው፣ አባባ።»

«ቢቀመጡስ!» አሉና ቀጠሉ። «ከእግራቸው ሥር ባዶ ቦታ አያለሁ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ «እንግዲያው እዚያ እኔን አስተኝኝ» አሉ።

«አባባ! ለጣልያን? አያቴ ለጣልያን አልሰግድም ብለው ጫካ የገቡ አይደሉም እንዴ?»

«ገብተዋል። እኒህ ግን ልጄን ያስጠጉ ናቸው። አባቴም ቢያዩ አይቆጡኝም፤ ቢቆጡም እችለዋለሁ።»

«የምለምነው የለኝም ብለውኝ ነበር።»

«ያን ጊዜ አልነበረኝም» አሉ።

እንደ ባለሙያ ጠየቅኋቸው። «ፊትዎን እንደ ልማዱ ወደ ላይ ላድርገው?»

«የግቢው በር በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ በኩል።»

«እንግዲያው ወደ በሩ አዙሪኝ» አሉ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

የተረፈኝ የወለቃ አፈር ለአንድ ትንሽ ሰው ይበቃል። ነጠላቸውን ጨርሻለሁ፤ ጣቶቻቸውንም እንደሚያበጥሩት ብሩሽ አቅጥኜ ሠርቻቸዋለሁ። ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ሲኞራ ሪና ከገበያ በተመለሱ ቁጥር ቆም ብለው «ለዚህ ሰው ዓይን አትሥዪለትም?» ይሉኛል። «እሥልለታለሁ» እላቸውና ብሩሼን አጥቤ እገባለሁ። ዓይናቸውን ከሣልሁበት ዕለት ጀምሮ፣ በዚያ በር በወጣሁና በገባሁ ቁጥር፣ መመለሴን እየለመኑ ሊያዩኝ ነውና።