ዱዓ ለባጃጅ ነጂው

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ፖሊሶች ሚኒባሱን ፍተሻ ላይ አስቁመው እኔን ብቻ አወረዱኝ። በጻፍኩት ዜና ምክንያት መሆኑ የገባኝ ስልኬን ሲቀሙኝ ነው። ያስገቡኝ ክፍል ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። አሥራ አንድ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ የሐርቡ ሽማግሌ ጠጋ ብለው የምንጣፋቸውን ግማሽ ለቀቁልኝ።

"ና ልጄ፣ ወለሉ ይበርዳል።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት አመጡ። ባጃጅ ነጂ ገድሎ ነው። ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰማ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ፎቶዬ ፌስቡክ ላይ ወጥቷል?"

"አላየሁም።"

"ስትፈታ ስለኔ ጻፍ። ስሜን ከነአያቴ።"

"ሰውየው ምን አድርጎህ ነው?"

"ምንም።" ትከሻውን ሰበቀ። "ሥራ ፍለጋ ፋብሪካ በር ላይ ሁለት ዓመት ቆምኩ። ማን ነህ ያለኝ የለም። አሁን ከተማው በሙሉ ያውቀኛል።"

አፍሬ ነው የምናገረው፤ ጓጓሁ። እንዲህ ያለው ታሪክ የእኔንም ስም ያስጠራል። ሌላ ጥያቄ ልጠይቀው ስል ሽማግሌው ቀደሙኝ።

"የሟቹ ስም ማነው?"

"ምን ያደርግልዎታል?"

"ዱዓ ላደርግለት።"

ወጣቱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሽማግሌው አልተቆጡም። እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁት። በመጨረሻ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"አልሰማሁህም ልጄ።"

ስሙን ጮክ ብሎ ደገመው። ሽማግሌው ሟቹን በስሙ እየጠሩ ምሕረት ለመኑለት። ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ በሩ አጠገብ የነበረው ጴንጤ የፋብሪካ ሠራተኛም እጃችንን ዘርግተን "አሚን" አልን። ወጣቱ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፎቶው ሲጠይቅ አልሰማሁትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ክስ ሳይመሠረትብኝ ተፈታሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ደሴ ዙሪያ፣ የሟቹ እናት ዘንድ ነው። ልጃቸው ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ለማድረስ ከምግብ ላይ ተነሥቶ ይሄድ እንደነበር ነገሩኝ። የጻፍኩት ስለ እሱ ነው።

ጽሑፉ ሲወጣ ሐርቡ ወርጄ ለሽማግሌው አነበብኩላቸው፤ እሳቸውም ተፈትተው ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙኝ። ስጨርስ "ወላሂ፣ ደግ ሰው ነበር" አሉ።

ዛሬም ስለ ግድያ እንድጽፍ ስታዘዝ አስቀድሜ የሟቹን ቤት እጠይቃለሁ። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያንን ክፍል ሳስብ ከምሬቱ በፊት ምስጋናው የሚመጣልኝም ለዚህ ይመስለኛል።