የሚካኤል ዓይን እና የቄሰ ገበዙ አውራ ጣት

ወይዘሮ ተናኜን ያወቅኋቸው ቡሬ ላይ ጉርድ ፎቶ ልነሳ ሄጄ ነው። በርጩማው ላይ ተቀምጬ አንገቴን ሳቃና ዓይኔ ግድግዳው ላይ ቀረ። ከሙሽራውና ከወታደሩ ፎቶ መሀል አንዲት የደበዘዘች ፎቶ በመስታወት ሆና በክብር ተሰቅላለች። ቅጠል አለ፣ ጥፍር የምታክል አበባ አለ፣ ከጥጉ ደግሞ አንድ ትልቅ የሰው እግር አውራ ጣት!

"ይኼ ምንድን ነው እትየ?" አልኳቸው።

"መጀመሪያ ቀና በል፣ ከዚያ እነግርሃለሁ።"

ነገሩኝ። ከዚህ በፊት ጽፌ ስለማላውቅ እንደነገሩኝ ነው የማስቀምጠው። እሳቸው እያልኩ እንደምጽፍ ስነግራቸው ግን ሳቁብኝ። "ያኔማ ልጅ እግር ነበርኩ፤ እሷ በለኝ" አሉ። እሺ ብያለሁ።

እንግዲህ ጊዜው ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ይዞ የተቀመጠበት ነው። የዛሬዋ ፍኖተ ሰላም እንኳን ያኔ ወጀት ነበር የምትባለው። ተናኜ ሙሴ ሃጎፕ ከሚባል አርመን ፎቶ አንሺ ቤት ውኃ ልትቀዳ ገብታ፣ እየዋለች ስታድር ፎቶ ማጠቡንም ማንሳቱንም ለመደች።

ቤት ደግሞ እናቷ ወለተ ሐና አሉ። እግራቸው ከከዳቸው ከርሟል፤ መደብ ላይ ነው ውሎአቸው። ያን ዓመት ሰውነታቸው እያለቀ ሄደ፤ ክረምቱን አይወጡትም እያለ ጎረቤቱ ያንሾካሹካል። እሳቸው ግን ሰኔ ሲገባ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ወጥታ ይሆን?"

የሚሏት አበባ ናት። ከቡሬ ወንዝ ተሻግሮ ባለው በትውልድ ደብራቸው፣ በሚካኤል ደን ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር መሬት ለመሬት የምትወጣ ወይን ጠጅ አበባ። የአገሩ ሰው የሚካኤል ዓይን ይላታል። በልጅነታቸው ለሰኔ ሚካኤል በሄዱ ቁጥር ከእኩዮቻቸው ጋር እንብርክክ ብለው ያዩዋት ነበር። ማየት ብቻ ነው እንግዲህ። ከዚያ ደን ቅጠል የሚቀነጥስ የለም፤ የታቦቱ ነው።

"እማየ፣ በቃሬዛ እናድርስሽ" ብትላቸው፣

"ቃሬዛ ላይ የምወጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ምንም አላይም" አሉ።

አበባዋ ተቀጥፋ አትመጣ፣ እናቷ አይሄዱ። ተናኜ ሙሴ ሃጎፕ ዘንድ ሄዳ ሳጥኑን፣ ካሜራውን ማለቴ ነው፣ አውሰኝ አለችው።

"ፊልሙ ላይ የቀረችው አንዲት ናት" አለ። "አርበኞቹ መንገዱን ዘግተዋል፣ ሌላ አይመጣም። እሷንም ለጣሊያኑ ኮሎኔል ነው ያስቀመጥኳት።"

"ኮሎኔሉ በመስከረምም ያው ኮሎኔል ነው። አበባዋ ግን ትረግፋለች።"

ሙሴ ሳቀና ሳጥኑን ሰጣት።

ኬላው ላይ አንድ ባንዳ አስቆማት። "ምን ይዘሽ ነው?" አለ። ፎቶ ማንሻ መሆኑን ሲሰማ ግን ጠመንጃውን ደገፍ አድርጎ ጢሙን አሳመረ። ምን ታድርግ? "ደረትህን ንፋ!" አለችና የሳጥኑን የፊት ክዳን ከፈት ከደን አደረገችለት። አንዲቷን ፊልም አልነካቻትም። ያ ሰው ፎቶውን እስካሁን ይጠብቅ ይሆናል።

የሚካኤሉ ቄሰ ገበዝ ሀይሉ የወለተ ሐና የልጅነት እኩያ ናቸው። እንደምትመጣ አስቀድማ ልካባቸው ስለነበር ከደጀ ሰላሙ ጠበቋት።

"ነይ ልጄ! አሰናድቼልሻለሁ!"

ደኑ ውስጥ ስትገባ ክው አለች። የወደቀው ቅጠል ሁሉ ተጠርጓል፤ መሬቱ ላይ ድፍን ያለ ለምለም ቄጠማ ተጎዝጉዟል።

"አበባዋስ አባ?"

"እዚያው ናታ፣ ከሥሩ! እንዴ፣ የደብራችን መልክ ከተማ ሊሄድ ትቢያ ላይ ሆና ትነሳ? ያለ ጉዝጓዝ?"

ተናኜ እንባዋ መጣ። ሁለቱም ተንበርክከው ቄጠማውን አንድ በአንድ ያነሱ ጀመር። ከሥሩ ያለው ሁሉ ተጨፍልቋል። ቄሰ ገበዙ ፊታቸው ጠቆረ። "ለወለተ ሐና ብዬ እኮ ነው" ይላሉ ቀስ ብለው። ጥቂት ቆይተው ግን፣ "ነይ! ነይ!" አሉ። ከአንድ የጽድ ዛፍ ግርጌ፣ ሁለት ሥሮች መሀል፣ አንዲት ቀና ብላ ተርፋለች።

እዚያ ደግሞ ጨለማ ነው። ተናኜ ዙሪያዋን ስታይ የቄሰ ገበዙ ነጭ ጋቢ ታያት።

"አባ፣ ጋቢዎን ዘርግተው ይያዙልኝ። ከላይ የሚገባውን ብርሃን ወደሷ ይመልስልኛል።"

እሳቸው ጋቢውን ወጥረው ቆሙ፤ እሷ በደረቷ ተኛች።

"አይነቃነቁ አባ። ትንፋሽዎንም ያዙት።"

"የምነሳው እኔ ነኝ እንዴ?"

"ዝም ይበሉ!"

ቀጭ አደረገችው።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ አበባዋ ጥርት ብላለች፤ ከጥጉ ግን የቄሰ ገበዙ አውራ ጣት ገብቷል። ተናኜ አፍራ በመቀስ ልትቆርጠው ስትል ሙሴ እጇን ያዛት። እንዳለ ወሰደችው።

ወለተ ሐና ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ወዲያ ወዲህ አዟዟሩት። ተናኜ ፈራች።

"እማየ፣ አልታየሽም?"

"ወጥታለች" አሉ። ከዚያ ጠጋ አድርገው አዩና፣ "ይኼ የሀይሉ ጣት አይደለም? ድንጋይ የመታው ጥፍር! በልጅነታችንም ልናያት ስንል እግሩን ይደቅንብን ነበር!" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ "ወጥታ ይሆን?" ማለት ቀረ። ፎቶው ትራሳቸው ሥር ከረመ።

ክረምቱን ወጡት። ያረፉት በጽጌ ነው። ያን ቀን ቃሬዛው ላይ ወጡ፤ የተቀበሩትም እዚያው ደን ውስጥ ነው።

ሙሴ ሃጎፕ አገር ሲለቅ ሳጥኑን ለተናኜ ትቶላት ሄደ። እሳቸውም፣ አሁን እሳቸው ልበል፣ እስከ ዛሬ ሰኔ ሲመጣ ወደ ሚካኤል ወርደው ከመሬት የምትወጣዋን አበባ ሁሉ ፎቶ ያነሳሉ። ጓዳቸው በአበባ ፎቶ ተሞልቷል።

ቡሬ የምትዘልቁ ሰዎች እባካችሁ እትየ ተናኜ ቤት ጎራ በሉ፤ ሰው ይወዳሉ። በሰኔ ከሆነ ደኑ ድረስ ይዘዋችሁ ይወርዳሉ። ነጭ ጋቢ አትርሱ፣ ዘርግታችሁ መያዛችሁ አይቀርም። የእግር ጣታችሁን ግን ሰብሰብ አድርጉ።