ልጄን ጡት ያስጣልኩበት ሐይቅ ዳር

በዚያ ዓመት፣ ጥምቀት ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ደባርቅ ሦስተኛ ክፍል ነበር የማስተምረው። አንቀጹን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ጨረስኩና ልጆቹ እስኪገለብጡ ግንባሬን ሰሌዳው ላይ ደገፍ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የጠመኔውን ሽታ ብቻ ነው። የቀሰቀሰኝ ዝምታው ነው፤ ያ ሁሉ ልጅ ያለበት ክፍል በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል ያስደነግጣል። ዞር ስል ሁሉም እርሳሳቸውን አስቀምጠው ያዩኛል።

"ቲቸር፣ አመመዎት?" አለችኝ ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

"አላመመኝም። ደክሞኝ ነው" አልኳት። ግንባሬ ላይ የጻፍኩት አንቀጽ ግማሹ ታትሞ እንደነበር ያወቅኩት መምህራን ክፍል ስገባ፣ ባልደረቦቼ ሲስቁ ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እንባዬ መጣ።

ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬን ይዤ ነበር። የመጀመሪያዋ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል፤ ጡት ግን አልተወችም። ባሌ የገጠር የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ሰኞ ይወጣል፣ ቅዳሜ ይመለሳል፤ የተበላሸው ብዙ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀራል። ቀን ቀን ጎረቤቴ ልጄን ትይዝልኛለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን ልጄ በር ላይ ቆማ ገና እግሬን ሳላስገባ "ጡጡ!" ትላለች። ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ቁጭ ብዬ አጠባለሁ። እሷ ከውጭ ስትስበኝ ያኛው ከውስጥ ይራገጣል። የቀረኝ ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ክትትል የምታደርግልኝ አዋላጅ፣ "ማጥባቱ አይከለከልም፤ ግን በደንብ ብዪ፣ ዕረፊ" ብላኝ ነበር። መብላቱን እበላለሁ። ማረፉን ከየት ላምጣው?

እናቴ በዚህ አትስማማም። የምትኖረው ዳባት ነው፤ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ እሬት በላስቲክ ቋጥራ መጣች።

"የነፍሰ ጡር ጡት አይጠባም" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ይሄ የሆድሽ ልጅ ድርሻ ነው። የሰው ድርሻ ታበያታለሽ?"

እሬቱን ጨምቃ ቀባችኝ። ልጄ መጣች፣ አንድ ጊዜ ቀመሰች፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ ተፋችው። እኔና እናቴ ለቅሶዋን ጠበቅን። አላለቀሰችም። ጡቴን አየችው፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። "ጡጡ አሟታል" አለች። ከዚያ እንደ ቁስል "እፍ፣ እፍ" አለችበት። በነጠላዬ ጫፍ ጠራርጋ፣ የቀረውን ምሬት እንደ ምንም ችላ ጠባች። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልታወቀኝም።

"ይቺንስ እኔም አልችላትም" ብላ በዘጠኝ ሰዓቱ ሚኒባስ ተመለሰች።

ሐይቅ ዳር እንሂድ ያለው ባሌ ነው። ተወልዶ ያደገው ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው፤ ታላቅ እህቱ አሁንም እዚያ ትኖራለች። ከጥምቀት በኋላ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም ዕረፍት አለኝ፣ እሱም ፈቃድ ጠይቋል።

"አንድ ሳምንት ውኃ ዳር ተኚ" አለኝ። "እህቴ ልጅቷን ትይዝልሻለች። አዲስ አገር ስታይ ጡቱንም ትረሳዋለች።"

እኛ ሰፈር ሰው እንዲሁ ውኃ ለማየት አይሄድም። ጎረቤቴ ሻንጣ ስናዘጋጅ አይታ፣ "የትኛው ጠበል ነው?" አለችኝ። ጠበል አይደለም፣ ለማረፍ ነው ስላት፣ "እሺ፣ ደብቂኝ" ብላ ተቀየመች። ነፍሰ ጡር ሴት ሕፃን አዝላ ያን ያህል መንገድ ለዕረፍት ትሄዳለች ብሎ ማን ያምናል? እኔም አላመንኩም ነበር።

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርን። የጥር ብርድ ነው፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሯል። ልጄን ሁለት ሹራብ አልብሻት በጋቢ ጠቅልያታለሁ። ዳባት ስንደርስ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀናለች። ትኩስ ዳቦ በመስኮት አቀበለችኝና መኪናው ሲንቀሳቀስ፣

"እንዳትሰጫት! አለቀሰች ብለሽ እንዳትሰጫት!" ብላ ጮኸች።

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ዳቦውንም ልጅቷንም አይተው፣ "ምን ክፉ ሰው ናቸው?" አሉኝ። ነገሩን ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። ከዳቦው ቆርሼ ሰጠኋቸው።

እስከ አምባ ጊዮርጊስ ቻልኩ። እዚያ የእህል ጆንያ ከጣሪያ ሲወርድና ሲጫን ረጅም ጊዜ ቆምን። ልጄ ትታፈን ጀመር፣ አስመለሳት፣ ከዚያ ጡጡ አለች። እምቢ አልኳት። ተንፈራፈረች። ረዳቱ ዞሮ አየን፣ ሴቶቹ ምላሳቸውን መጠጡ፣ ባሌ ወደ ውጭ አየ። ሰጠኋት። የእናቴ ትእዛዝ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላውም።

ጎንደር መኪና ቀየርን። ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ እኛም ልብሳችንን እየገፈፍን፣ ጎርጎራ ስንደርስ ልጄ በካናቴራ ብቻ ቀርታለች፤ የኔ እግር ደግሞ ጫማዬን ሞልቶ ፈሷል። የባሌ እህት መናኸሪያ መጥታ ተቀበለችን። እትዬ ነው የምላት። ልጆቿ አድገው ለሥራ ርቀዋል፤ እሷ ብቻዋን ውኃው ዳር አሳ ጠብሳ ትሸጣለች። እግሬን ዝቅ ብላ አየችው።

"ይሄ እግር ነው?" አለች። "ነይ። ካሁን ወዲያ ያንቺ ሥራ መተኛት ነው። የቀረውን ለኔ ተዪልኝ።"

ቤቷ ስንገባ አንድ ሰፊ ቀሚስ ከሣጥን አወጣች። አንገቱ የተዘጋ፣ ከፊት የማይከፈት፣ ከጀርባ የሚቆለፍ ነው። "እዚህ እስካለሽ ይሄን ልበሺ። በር ካላየች አታንኳኳም" አለችኝ። አጎበር የተዘረጋበትን አልጋም ለኔ ለቀቀችልኝ።

በማግሥቱ ወደ ውኃው ወረድን። ልጄ በዕድሜዋ የምታውቀው ውኃ የጀሪካንና የመታጠቢያ ሳፋ ነው። መጀመሪያ እግሬን አቅፋ አልለቅም አለች። ትንሽዬዋ ማዕበል መጥታ ጣቷን ስትነካት ጮኸች። "ሂድ!" አለችው። ውኃው ተመለሰ። ፊቷ በራ። እንደገና መጣ፤ "ሂድ!" አለችው፤ ሄደ። ቤት ውስጥ ሲሉሽ ስሚ፣ ሲሰጡሽ ውሰጂ የምትባል ልጅ ይሄን ሁሉ ውኃ ስታዝዝ ከረፋዱ እስከ ቀትር ዋለች። ድምጿ እስኪዘጋ።

እኔ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ሰሌን ላይ ጋደም አልኩ። ባሌ ከጎኔ ተቀምጧል። እትዬ ለቀትር ደንበኞቿ አሳ ልትጠብስ ወደ ዳሷ ስትሄድ፣ "ልጅቷ ባንተ ላይ ናት" ብላው ሄደች። "እሺ" አለ። እኔም ዓይኔን ከደንኩ።

ስነቃ የ"ሂድ" ድምፅ የለም። ባሌ በጀርባው ተንጋሎ ያንኮራፋል። ቀና ስል ልጄ ውኃው ውስጥ ናት፤ ወገቧ ድረስ ገብታ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ውስጥ ትራመዳለች። ውኃው አልሄድ ብሏት እሷ እየተከተለችው ነበር።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ሮጥኩ። ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ ያንሸራትታል፤ በጉልበቴና በሁለት እጄ ወደቅሁ። ተነሥቼ፣ ከነልብሴ ገብቼ፣ በክንዷ ጎትቼ አወጣኋት። እሷ አልፈራችም። እኔን አይታ ነው ያለቀሰችው።

"ምን ሆናችሁ?" ብሎ ባሌ ተነሣ።

"ምን ሆናችሁ ትላለህ? ልጄን ውኃ ሊወስዳት ነበር! አንተ ተኝተህ!"

"ትንሽ ሸለብ ቢያደርገኝ ነው..."

"ዕረፍት ብለህ አይደል ያመጣኸኝ? ይሄ ነው ዕረፍቱ?"

"እኔስ ሰው አይደለሁም?" አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ አያውቅም፤ ያን ቀን ከፍ አለ። "ሦስት ሳምንት ጉድጓድ ውስጥ ነው የሰነበትኩት። ሦስት ሳምንት! እኔ አይደክመኝም ያለሽ ማነው?"

ባለፉት ወራት ስለ ድካም ባሰብኩ ቁጥር የማስበው የራሴን ነበር። ግን ይቅርታ ልለውም አልፈለግኩም። የጓጎለ ጸጉሩን፣ በቅባት የጠቆረ ጥፍሩን አየሁ። እትዬ ጩኸታችንን ሰምታ ዱቄት በተለወሰ እጇ እየሮጠች መጣች። ማንንም አልጠየቀችም። ልጅቷን ከእጄ ወስዳ አዘለቻትና፣ "አንተ እቤት ግባና ተኛ። አንቺም እዚሁ ተኚ። ሁለታችሁም ልጅ መጠበቅ አትችሉም" አለች።

ሰሌኑ ላይ በጎኔ ተኛሁ። ጉልበቴ ይደማል። ሆዴ ግን እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ከጠዋት ጀምሮ ሲራገጥ የነበረው ጸጥ ብሏል። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ሁለት ታንኳዎች ደንገሉን እየገፉ ሲያልፉ አየኋቸው፤ አልፈው ከዓይኔ እስኪጠፉ ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። ስለት ለመሳል ፈልጌ የምለው ጠፋኝ። ሆዴ ውስጥ ያለውን ልጅ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የማስበው እንደ ተጨማሪ ሸክም ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀኝ፤ አፈርኩ። ከዚያ የጎን አጥንቴ ሥር አንድ ጊዜ መታኝ። ቆይቶ ደግሞ መታኝ። ሆዴም ቀስ እያለ ላላ። እዚያው እንዳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ለጥንቃቄ ብለን ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ነርሷ የልቡን ምት አሰማችን። ባሌ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ክንዴን ይዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ቀናት በአብዛኛው ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። ስነቃ እትዬ አሳ ታበላኛለች፤ በልቼ እተኛለሁ። ልጄ ከአክስቷ ጀርባ አትወርድም። ዳሱ ውስጥ ደንበኞቹን "ብሉ!" እያለች ታዛለች፣ ሲመሽ ከአክስቷ ጋር ትተኛለች። አንድ ጊዜ መጥታ እጇን በአንገቴ በኩል ልታስገባ ሞከረች። የተዘጋውን ቀሚስ ዳበሰችው። ወደ ጀርባዬ ዞራ ቁልፉን አየችው። ከዚያ ትታኝ ሄደች።

በአራተኛው ቀን የገዛ ቀሚሴን ለበስኩ። ለምን እንደሆነ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም፤ የእትዬን ቀሚስ ላጥበው ነው ብያለሁ። ልጄ ከውኃው ዳር እግሯን አሸዋ አልብሳ መጣች። ጭኔ ላይ ተቀመጠች። የቀሚሴ በር ክፍት ነው፤ አየችው።

"ጡጡ?" አልኳት እኔው ራሴ፣ በሹክሹክታ።

ራሷን ነቀነቀች። "ውኃ ልሂድ" ብላ ወርዳ ሮጠች።

አለቀስኩ። እትዬ አሳ እየገፈፈች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ።

"የፈለግሽው ይሄን አልነበረም?"

"ነበር።"

"ታዲያ?"

"እንጃ፣ እትዬ።"

"እኔም ለአራቱም ልጆቼ አልቅሻለሁ" አለችና ቢላዋዋን አነሣች። "አልቅሺ። ከዚያ ብዪ።"

ስንመለስ ልጄ ባሌ ጭን ላይ ተኝታ ነው የመጣችው። ደባርቅ ስንወርድ ብርዱ ፊታችንን መታን፤ ሹራቦቹን እንደገና ደራረብን። ድካሙም እዚያው ቆሞ ጠበቀኝ። በማግሥቱ የሚታጠብ ልብስ፣ የሚታረም ደብተር፣ የሚቀዳ ውኃ። የተለወጠው አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ ከዚያ በኋላ ጡት አልጠየቀችም። እናቴ ይሄን ስትሰማ፣ "እሬቱ ነው፣ ዘግይቶ ነው የሚሠራው" አለች። አልተከራከርኳትም። ባሌም አለቃውን ለምኖ እስክወልድ ድረስ ከከተማው ብዙ የማይርቁትን ፓምፖች ብቻ እንዲሠራ ተፈቀደለት።

ወንድ ልጅ ግንቦት ላይ በሰላም ተወለደ። እትዬ ልታርሰኝ መጣችና ክርስትና እስኪነሣ አርባውን ቀን አብራን ተቀመጠች። ብርዳችንን አልቻለችውም፤ የባሌን ካፖርት ለብሳ ነው ገንፎ ስታገነፋ የሰነበተችው። ስትሄድ እሷና እኔ በወጉ አልተሰናበትንም፤ ትንሹ ያለቅስ ነበር፣ ትልቋ ካፖርቱን ይዛ አልለቅም ብላ ነበር፣ መሰናበቱ ተረሳ።

በቀጣዩ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባሌ ራቱን እየበላ፣ "ዘንድሮስ የት እንሂድ?" አለኝ።

"የትም" አልኩት። "ልጆቹን ይዘህ ሂድልኝ። እኔ እዚሁ ልተኛ።"

ሳቀ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ሳቁን ተወው። ቅዳሜ ጠዋት አንዱን አዝሎ ሌላዋን በእጁ ይዞ ዳባት እናቴ ቤት ሄደ። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩና ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ላይ ወጣሁ።