የሚሊሜትር ጠማማ ስፌት

ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰው "አንድ ጣት ያህል ቀንስልኝ" ካለው፣ "በየትኛው ጣት? በአንተ ወይስ በእኔ?" ብሎ ሜትሩን ከአንገቱ ያወርድና ሰውየው እግር ሥር ይንበረከካል። ሲነሳ ቁጥሩን የሚናገረው እስከ ሚሊሜትሯ ነው። ሚሊሜትር አሉት፤ ሚሊሜትር እንደተባለ ቀረ። ሠላሳ አራት ዓመት የወንድ ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ጠማማ ስፌት ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም። ሙሽራ በር ላይ ቆሞ እየተቁነጠነጠ እንኳ ኮሌታው ካላማረው ፈትቶ እንደገና ይሰፋዋል። ሚዜዎቹ "ኧረ ሰርጉ አለቀ!" ብለው ሲጮሁበት፣ "ሰርጉ ያልቃል፤ የማያልቀው ፎቶው ነው" ብሎ መርፌውን ይቀጥላል።

አንድ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ሲያዞር ቀኝ እጁ እንቢ አለው። ቁልፉ ወደቀ። ላንሳው ሲል እሱም አብሮ ወደቀ። ደም ግፊት ነው አሉ። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉለት፤ ቀኝ ጎኑን ግን ማትረፍ አልቻሉም። እግሩ ከወራት በኋላ በከዘራ እየተጎተተ መሄድ ጀመረ፤ ምላሱም እየተንተባተበ ተመለሰ፣ ድምፁ ግን ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም። እጁ ጭኑ ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ሱቁ ተዘጋ። የስፌት መኪናው ቤት መጥቶ መስኮቱ ሥር ቆመ፤ ሚስቱ አንሶላ አልብሳ የመድኃኒት ጠርሙሶች ደረደረችበት።

አንድያ ልጁ ማርገዟን በስልክ ያበሰረችው በዚያው ሰሞን ነው። የምትኖረው በአውቶብስ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ ነው። ሚሊሜትር ስልኩን በግራ እጁ እንደያዘ አለቀሰ። ልጁ በደስታ መሰላት፤ ደስታም ነበረበት። ግን አልጋው ሥር አንድ ሻንጣ አለ። ልጁ ከተወለደች ጀምሮ የሰፋላት ልብስ ሁሉ ቁራጩ እዚያ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ፣ ባለ ነጠብጣብ ጉርዷ፣ ሦስት ዓመት ሲሞላት የለበሰችው ቢጫ ቀሚስ። "ስትወልጂ ለልጅሽ ገጣጥሜ ብርድ ልብስ እሰፋለታለሁ" ይላት ነበር፣ ገና ጥርሷ ሳይበቅል።

"ምን ያስለቅስሃል?" አለችው ሚስቱ።

"ሻንጣው።"

ሚስቱ ጡረታ እስክትወጣ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ድምጿ ጥርት ያለ ነው፤ ከጓሮ ብትናገር በር ላይ ያለ ሰው ይሰማታል። መርፌ ላይ ግን አልታደለችም። የቀሚሷ ቁልፍ ሲበጠስ የሚተክልላት እሱ ነበር። "ልብስ ሰፊ አግብቼ ምን አደከመኝ!" እያለች ትስቃለች። አሁን ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎትታ ገለበጠችው።

"በል፣ አንተ ንገረኝ፤ እኔ ልስፋ።"

እንዲህ ተጀመረ። እሱ በትራስ ተደግፎ ይቀመጣል፤ እሷ አጠገቡ ወንበር ስባ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታሳርፋለች። መኪናውን መርገጥ ስለማትችል ሁሉንም በእጇ ነው። ክሩን መርፌ ውስጥ ለማስገባት ብቻ ሦስቴ ትሳደባለች።

"ወደ ግራ ሳቢው" ይላል እሱ።

"የማን ግራ?"

"የጨርቁ።"

"ጨርቅ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ግራ ያለው?"

ሚሊሜትር ስፌቱ ከጠመኔው መስመር ፈቀቅ ሲል፣ ተመልሶ ሲረግጥ፣ ደግሞ ሲፈናጠር ያያል። ግራ እጁ አንሶላውን ጨምድዶ ይይዛል። መጀመሪያ ሰሞን "ፍቺው" ይል ነበር። ትፈታለች፤ ደግማ ስትሰፋ የባሰ ይጠማል፤ ጣቷም ይደማል። አንድ ቀን ጣቷን እየመጠጠች፣ "ስማ፣ ይሄ ሕፃን የሚተኛበት እንጂ ሚኒስትር የሚለብሰው አይደለም" አለችው። ከዚያ ወዲያ "ፍቺው" ማለቱን ተወ። ስፌቱ በጠመመ ቁጥር ፊቱን ወደ መስኮት ይመልሳል።

"ድሪቶ መሰለ አይደል?" ትለዋለች እየሳቀች። እሱ አይስቅም።

የቀረው ቢጫው ብቻ ነበር፤ መሀል ላይ የሚገባው። አንድ ከሰዓት ሚስቱ መድኃኒት ልታመጣለት ወጣች። ሚሊሜትር እያነከሰ ሄዶ ቢጫውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እንዳይንሸራተት ሽባ እጁን በግራው አንስቶ እንደ ድንጋይ ጫነበት። ትልቁን መቀስ አነሳ። ያ መቀስ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው፤ በግራ ሲይዙት ስለቶቹ ይላቀቃሉ፣ ጨርቁን ያኝኩታል እንጂ አይቆርጡትም። ታገለ፤ አላበው። በኃይል ጨመቀው፤ መቀሱ ድንገት ሾለከና ጨርቁን ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ተረተረው።

ሚስቱ ስትመለስ አልጋው ላይ ነበር።

"ይሄን ምን ነካው?" አለች ሁለቱን ቁራጭ አንስታ።

"አይጥ ነው።"

"አይጡ መቀስ ይዞ ነበር የመጣው?"

ግራ እጁን አንሶላው ሥር ሲደብቅ አየችና ጨዋታውን ተወችው። "እናያይዘዋለን" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ይታያል።"

"ይታይ።"

ልጅቷ ቀኗ ሳይደርስ በሦስት ሳምንት ቀድማ ምጥ ያዛት። ባሏ ደውሎ ኦፕሬሽን ክፍል መግባቷን ነገራቸው። ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን አጠለቀች። ቦርሳዋን ያዘች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ዘወር ብላ አልጋውን፣ ከዘራውን፣ መድኃኒቱን አየች። ቀስ ብላ ተመልሳ ጫማዋን አወለቀች።

"ሂጂ" አላት ሚሊሜትር።

"ማን ያጎርስሃል? ዝም በል እስቲ።"

ስልኩን መሀላቸው አስቀምጠው ተቀመጡ። እሷ እንኳ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረችው፣ የምትደውልበት አጥታ እጇን አጣምራ ስልኩን ታያለች። አራት ሰዓት ሙሉ እንዲያ ቆዩ። ከዚያ ተደወለ፤ ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ልጅቷ የመጣችው ሕፃኗ ሁለተኛ ወሯን ስትይዝ ነው። ብርድ ልብሱ ጥጡ ገብቶ፣ ገበሩ ተሰፍቶ፣ ዙሪያው ተዘምዝሞ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። አንዱ ጎን ከሌላው በአራት ጣት ይረዝማል። ቢጫው መሀሉ ላይ እንደ ጠባሳ ተገጥሟል። ልጅቷ እያንዳንዱን ቁራጭ በጣቷ ነካች፤ ዩኒፎርሙን፣ ነጠብጣቡን። ቀና ስትል ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ነበር።

"አባዬ፣ አንተ ነህ የሰፋኸው? በዚህ እጅህ?"

ሚሊሜትር አፉን ከፈተ። እኔ እንዲህ አልሰፋም፣ ሊል ነበር። በዕድሜዬ እንዲህ ሰፍቼ አላውቅም።

"እሱ ነዋ!" አለች ሚስቱ ቀድማው፣ በዚያ ጥርት ባለ ድምጿ። "ሌላ ማን ይሰፋል?"

ሚስቱን አያት። የመርፌ ውጋት ያሻከረውን አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ደብቃለች። እውነቱን ቢናገር እሷን ማሳፈር ነው፤ ዝም ካለ ደግሞ ያ ሁሉ ጠማማ የእሱ ሊባል ነው። ልጁ አንገቱን አቅፋ "እጅህ ይባረክ" ስትለው ዓይኑን ጨፈነ።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱና ልጁ ልብስ ሊያጥቡ ጓሮ ወጡ። ሕፃኗ አልጋው ላይ፣ አጠገቡ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ተኝታለች። "ትንሽ እያት፣ አባዬ" ብላው ነው የወጣችው። እሱም አያት። እንደ ሩዝ ፍሬ የደቀቁ ጥፍሮቿን፣ የምትርገበገበውን አናቷን።

ነቃች። ፊቷን አጨማደደችና አለቀሰች።

"እሽሽ" አላት። አልሰማችውም። "ኑ!" ብሎ ተጣራ፤ ድምፁ ከክፍሉ አልወጣም። ውጪ ውሃው ይንሿሿል፣ ሴቶቹ ይሳሳቃሉ። የብርድ ልብሱን ጫፍ በግራ እጁ ያዘና ሳበው፤ ሕፃኗ ከነብርድ ልብሱ ወደ እሱ ተንሸራተተች። እጁን ሥሯ አስገባ። ሊያነሳት ሲል ራሷ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ ደንግጦ መለሳት። አንገቷን ቢይዝ ወገቧ ይቀራል፤ ወገቧን ቢይዝ አንገቷ ይቀራል። ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ሆዷ ላይ አስደገፈ። ጢሙ ወጋት መሰል፣ የባሰ ጮኸች። አንጎራጎረላት። ጮኸች። ትን እስኪላት፣ ፊቷ እስኪጠቁር አለቀሰች፤ እሱም አብሯት።

በመጨረሻ ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ ገባች።

"ምነው፣ ሳትጠራኝ?"

"ጠራሁሽ።"

ሕፃኗን አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ወዲያው ጸጥ አለች። "ርቧት ነው፣ ወደ እናቷ ልውሰዳት" ብላ ወጣች።

ሚሊሜትር ብቻውን ቀረ። የተጨማደደውን ብርድ ልብስ በግራ እጁ ዳበሰው። ሕፃኗ የተኛችበት ቢጫው ላይ እጁ እርጥብ ነገር ነካ።

"አርጥባ ነው ያለቀሰችው" አለ። "ርቧት አይደለም። ቀይሩላት።"

ውጪ ሴቶቹ ያወራሉ። ደግሞ ተናገረ፣ ጮክ ለማለት እየሞከረ። የመለሰለት አልነበረም።