የአርባ ሁለተኛው ስልት ጉድለት

በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። መነጽሩ ወፍራም፣ ትከሻው ጠባብ፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ ወጣ ያለ የአርባ ሰባት ዓመት ሰው ነው። ፋይል ሲጠፋ አለቆቹ ደረጃውን ወርደው በሩ ላይ ይቆማሉ፤ እሱም ከወንበሩ ሳይነሳ መደርደሪያውንና ረድፉን ይነግራቸዋል። መሥሪያ ቤቱም ሰፈሩም «መዝገቡ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድበታል።

ይህን ሰው አይቶ ስለ ድብድብ ያስባል ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም። እሱ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ትርፍ ጊዜውን ያዋለው የፍልሚያ ስልቶችን በመመደብ ነው።

ምክንያቱ ጨዋታ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከታላቅ እህቱ የልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ጨርቅ በሚቆረጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ስድስት ሰው ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ተጫዋች በወረቀት ላይ አንድ ተፋላሚ ይፈጥራል፤ ስሙን፣ ጠባዩን፣ የሚፋለምበትን ስልት ይጽፋል። መዝገቡ ታሪኩን ይተርካል፣ ተጫዋቾቹ ተፋላሚያቸው የሚያደርገውን ይናገራሉ፣ ተሳካ አልተሳካ የሚለውን የሚወረወረው ዳይስ ይፈርዳል። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፤ ስልቶቹንም ከነደንቡ በአንድ መጽሐፍ ሊያወጣቸው እየጻፈ ነበር።

ያስቸገረው አመዳደቡ ነበር። መጀመሪያ በተገኙበት አገር ከፋፈላቸው። እህቱ ከስፌት ማሽኗ ቀና ብላ፣ «ፓስፖርት ልትሰጣቸው ነው?» አለችው። ቀጥሎ የእጅና የእግር ብሎ ለየ፤ ካራቴ ሁለቱም ውስጥ ገባበት። ከዚያ ጠንካራና ለስላሳ ብሎ ጁዶን ከለስላሳዎቹ መደበ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው ፋርማሲስት በወጣትነቷ ጁዶ ተምራ ነበርና «እስቲ ልስላሴውን ላሳይህ» ብላ በክንዱ ይዛ ከነመነጽሩ በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ዘረረችው። እዚያው በጀርባው እንደተኛ ምደባው ስህተት መሆኑን አመነ።

በመጨረሻ በሁለት ነገር ረጋ፤ ተፋላሚው ከባላጋራው በሚቆምበት ርቀትና የሰውነቱ ክብደት በሚያርፍበት እግር። በዚህ መንገድ አርባ አንድ ስልቶች ያለ ጭቅጭቅ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ለእያንዳንዱም አንድ ጉድለት ጻፈ። ጉድለት የሌለው ስልት ከተገኘ ሁሉም ሰው እሱን ይመርጣል፤ ጨዋታውም እዚያ ላይ ያበቃለታል። ቦክስ እግሩን አይጠብቅም። ቴኳንዶ በአንድ እግሩ ብዙ ይቆማል። ጁዶ ልብስ እስኪጨብጥ ድረስ ባዶ እጅ ነው።

አርባ ሁለተኛው የማስተር ስልት ነበር።

ማስተር ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። በወጣት ማእከሉ አዳራሽ ሰላሳ ዓመት አስተምረዋል። መዝገቡም በሃያዎቹ ዕድሜው እሳቸው ዘንድ ሰልጥኖ፣ ቡናማ ቀበቶ ላይ ደርሶ፣ ዓይኑ ሲደክም አቆመ። መምጣቱን ግን አላቆመም፤ እሑድ ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያያል። ማስተር ከሦስት አስተማሪ የወሰዱትን አንድ ላይ አዋሕደው የሠሩት ስልት ስም የለውም። የአንዱም ፌዴሬሽን ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ ሁለት ጊዜ አመልክተው ሁለት ጊዜ መልስ አላገኙም። ስለዚህ የመዝገቡ መጽሐፍ ለሌላው ጨዋታ ቢሆንም ለእሳቸው ሌላ ነገር ነበር። በቀልድ እየሸፈኑ በየሳምንቱ ይጠይቁታል።

«እህ፣ መዝገቡ! እኔን የት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥከኝ?»

«ገና ነዎት ማስተር። ፋይልዎ አልተከፈተም።»

«ጉድለቱን ደግሞ እንዳትደብቅልኝ። ምንም የለውም ብለህ ከጻፍክ ጉቦ የበላህ ነው የሚመስለው።»

ጉድለቱን ለማግኘት አምስት እሑድ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ተቀመጠ። በአምስተኛው አገኘው። ከተማሪዎቹ አንዱም ወደ ግራ ሲዞር በዳሌው አይዞርም። መጀመሪያ ቀኝ እግሩን አንዲት አጭር እርምጃ ያስጠጋና ከዚያ ይዞራል። ሃያ አራቱም ያደርጉታል፤ ረጅሙም አጭሩም፣ ነባሩም በቅርብ የገባውም። አንድ ፋይል ሲፈልግ ከጀርባው ሌላ ጠፍቶ የኖረ ፋይል እንዳገኘ ሰው ልቡ ዘለለ። እሱ በሰለጠነበት ዘመን ይህች እርምጃ እንዳልነበረች በደንብ ያውቅ ነበር። ማስተር አሻሽለውት ይሆናል ብሎ አለፈው። መዝገብ ቤት ውስጥ ሰው የሚጠየቀው ፋይሉ ላይ ምን እንዳለ ነው፤ ለምን እንዳለ ጠይቆ አያውቅም፣ እዚህም አልጠየቀም። «ወደ ግራ ሲዞር አንድ ትርፍ አጭር እርምጃ ይረግጣል፤ ከግራ ለሚመጣ ጥቃት ሁለት ነጥብ ይቀነስበታል» ብሎ ጻፈ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። መጽሐፉ ስድሳ ቅጂ ተባዝቶ፣ በስቴፕለር ተመትቶ፣ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ተቆለለ። ከአዳራሹም አራት ተማሪዎች መጥተው ነበር፤ ከነሱ አንዱ ብየዳ ቤት ስላለው «ብየዳው» የሚባል ደልዳላ ሰው ነው። የማስተርን ስልት የያዘ ተፋላሚ በወጣ ቁጥር ጠረጴዛው ዙሪያ ጫጫታ ይነሳል።

«ከግራ ግባበት! ከግራ!»

«ሁለት ነጥብ ቀንስበት፣ ምን ትፈራለህ?»

ብየዳው ሳቀ። «ነገ እኮ በአካል እሞክረዋለሁ» አለ። መዝገቡም አብሮ ሳቀ። የማስተርን ቅጂ በካኪ ወረቀት ጠቅልሎ ከልምምዱ በኋላ ሊሰጣቸው አዘጋጅቶት ነበርና ሐሳቡ ሁሉ እሱ ላይ ነበር።

እሑድ ጠዋት በነፃ ግጥሚያው ሰዓት ብየዳው ከማስተር ፊት ለፊት ቆመ። በቀኛቸው የሚገባ አስመስሎ በግራቸው ገባ። ማስተር እርምጃዋን ረገጡ፤ ዘገዩ፤ የብየዳው መዳፍ ደረታቸው ላይ አረፈ። እሳቸውን መንካት የቻለ ሰው ከታየ ብዙ ዓመት ሆኗል። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ናቸው።

«ጎሽ! ይህን ማን አስተማረህ?»

«መጽሐፉ ነው ማስተር» አለ ብየዳው፣ ኩራትም ሐፍረትም ተደባልቆበት። ከቦርሳው አውጥቶ ገጹን ገልጦ ሰጣቸው።

ማስተር ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡ። ከዚያ ቀና አሉ።

«የትኛው እርምጃ ነው?»

ወረቀቱን አጥፈው ወደ ምንጣፉ መሐል ገቡ።

«ተሰለፉ። ወደ ግራ ዙር!»

ሃያ አራት ቀኝ እግር ምንጣፉን አንድ ጊዜ ዱብ አደረገው፤ ከዚያ ሁሉም ዞሩ። «እንደገና» አሉ። እንደገና ዱብ አለ። ሦስተኛ አዘዙ። ከዚያ ወደ መስተዋቱ ሄዱና የገዛ እግራቸውን እያዩ ራሳቸው ዞሩ።

«ለዛሬ ይብቃን» አሉ። ልምምዱ ሊያበቃ አርባ ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ተማሪዎቹ ልብስ ሊቀይሩ ሲገቡ መዝገቡ የተጠቀለለውን ቅጂ እንደያዘ ቀረባቸው። ማስተር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቀኝ ዳሌያቸውን ይዘዋል።

«ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አሉ፣ ሳያዩት። «መገጣጠሚያው ተበልቷል። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ቆይቼ ነው። የደበቅሁት መስሎኝ ነበር እኮ። ለካ ሳስተምረው ኖሬያለሁ።»

«ማስተር፣ እኔ…»

«ሃያ አራት ጤነኛ ሰው አንካሳ አደረግሁ፣ መዝገቡ።» ጥቅሉን ከእጁ ተቀብለው ሳይፈቱት ተነሡ።

በሚቀጥለው እሑድ ማስተር አልመጡም። የአዳራሹን ቁልፍ ለጥበቃው ልከው ነበር።

እህቱ ወሬውን ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች።

«እርምጃዋን ካየህ በኋላ መጽሐፉ እስኪወጣ ስንት ጊዜ ቆየ?»

«ሦስት ሳምንት።»

«በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰውየውን ለብቻቸው ጠርተህ አትነግራቸውም ነበር? አፍህን የሰፋሁት እኔ ነኝ?»

«እንዲደነቁ ፈልጌ ነው፣ እትዬ።»

«ተደነቁልሃ» አለችና ወደ ጨርቋ ተመለሰች።

ሳምንቱን ሙሉ ማስተካከያ ሲያዘጋጅ ሰነበተ። ገጹ ላይ ያን መስመር በትክክል የሚሸፍን ጠባብ ወረቀት ቆረጠ፤ «ጉድለት፦ እስካሁን አልተገኘም» የሚል ጻፈበት። ይዞት ማስተር ቤት ሄደ። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው አስገቡት። ማስተር ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ለቀዶ ሕክምና ተራ ይጠብቃሉ። ወረቀቱን አንብበው መለሱለት።

«የጻፍከው ልክ ነው። ልክ የሆነውን በውሸት አትሸፍንብኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማስተር።»

«ለኔ ብቻ ብትነግረኝ ኖሮ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬም ቢሆን በሦስት ወር አስተካክለው ነበር። አንድም ሰው ሳያውቅ።» ወደ እሱ ዞር አሉ። «የድሮውን አዟዟር ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ከኔ ሌላ የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ። የቀሩት ነባሮች የሉም። እሑድ ሂድና አሳያቸው።»

«እኔ? በዚህ ሆዴ?»

«በሆድህ አይደለም የምትዞረው» አሉ፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ሲስቁ ያያቸው ያን ጊዜ ነበር። «የሚያሳያችሁ ሰው እልካለሁ ብዬ ለብየዳው ነግሬዋለሁ፤ አሁን ቁልፉን ይዞ የሚያሠራቸው እሱ ነው። ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ» አለ።

እህቱ የድሮ ነጭ ሱሪውን ከወገቡ ላይ አስፍታ ሰጠችው። ቤት ውስጥ፣ አልጋውን ወደ ግድግዳ ገፍቶ፣ ሞከረው። ሰውነቱ አልረሳውም፤ በዳሌው ዞረ፤ ትርፍ እርምጃ የለም። እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹ በር ደረሰ። ከውስጥ ብየዳው ሲቆጥር፣ ምንጣፉም ዱብ ሲል ሰማ። በሩን ቢከፍት ሁሉም ዞረው የሚያዩት መዝገቡን ነው፤ ያን መስመር የጻፈውን። ሱሪውን የያዘበትን ፌስታል ብብቱ ሥር እንደወሸቀ ተመለሰ። ለሚቀጥለው ሳምንት ጉንፋን ተገኘለት። እውነተኛ ጉንፋን ነበር፤ አልጋ የሚያስይዝ ግን አልነበረም።

በሦስተኛው እሑድ አዳራሹ ተቆልፎ አገኘው። ጥበቃው ወንበሩ ላይ ሆኖ ጫማውን ይጠርጋል።

«ዛሬ የሉም?»

«ቆመ እኮ። ባለፈው የመጡት ስድስት ናቸው። ማስተር የሚልኩት ሰው አለ ብለው እስከ አራት ሰዓት ጠበቁ። ሰውየው ቀረ። ብየዳውም ቁልፉን መለሰልኝና ሄደ።» ጥበቃው ቀና ብሎ አየው። «ማን እንደነበረ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ መዝገቡ።

ከዚያ ወደ ብየዳ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር፤ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚያቋርጠው። ስድስቱንም አንድ በአንድ ቤታቸው ማግኘት ይችል ነበር፤ አድራሻቸው የመመዝገቢያ ፎርማቸው ላይ አለ፣ ፎርሙን የነደፈው ራሱ ነው። ይህን ሁሉ እያሰበ ሄደ፣ ሄደ፣ የደረሰው ግን ማስተር ቤት ነበር።

ማስተር አልጋ ላይ ናቸው። ተራቸው ለሚቀጥለው ወር ደርሷቸዋል። ገና ከበሩ ሳያልፍ፣ «ሄድክ?» አሉት።

ባለቤታቸው ወንበር ሲያቀርቡለት ተቀመጠ።

«ሄድኩ።»

«አሳየሃቸው?»

«አሳየኋቸው።»

«ዞሩ?»

መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ዞሩ፣ ማስተር።»

«ብየዳውም? ያ ግትር?»

«መጀመሪያ አስቸግሮ ነበር። በኋላ ዞረ።»

ማስተር ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጥል በሚል እጃቸውን አነሱ። መዝገቡም ከፊተኛው ረድፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ነገራቸው፤ ረጅሟ ትከሻዋን ቀድማ እንደምታዞር፣ መንታዎቹ አንዱ ሌላውን እያየ እንደሚሳሳት፣ አዲስ የገባው ከሁሉ ቀድሞ እንደያዘው። አምስት እሑድ ደብተር ይዞ ያጠናቸው ሰዎች ናቸውና የሚናገረው ሁሉ ይመስላል። ሃያ አራቱንም ጨረሰ።

«እንግዲያው ጉድለቱ የለም» አሉ ማስተር። «ያቺ ወረቀት አብራህ አለች?»

ደብተሩ ውስጥ ነበረች። ከካኪ ወረቀቱ ያልወጣው የማስተር ቅጂ ትራስጌያቸው ተቀምጧል። ባለቤታቸው ሙጫ አመጡ። መዝገቡ ጥቅሉን ፈታ፣ ገጹን ገለጠ፣ ሙጫ ቀባ፣ መስመሩን ሳያዛንፍ ለጠፈ። ማስተር በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ተጫኑት።

«እሑድ ደግሞ ሄደህ ንገረኝ» አሉት።

«እሺ፣ ማስተር።»