ድምፅ የሌለው የገና ጭፈራ

ትናንት ቴሌቪዥን ስቀያይር አንድ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ፊልም ላይ ደረስኩ። ወንድና ሴት የገና ዛፍ ዙሪያ እየዘፈኑ፣ ሶሉ ብረት በተለበጠ ጫማ ወለሉን ቋ ቋ ያደርጉታል። መቀያየሩን ተውኩ። ጭፈራውን አውቀዋለሁ፤ ድምፁን ግን ሰምቼው አላውቅም።

ልጅ ሆኜ ሳዑዲ፣ ሪያድ፣ ጉበይራ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከሌሎች ሐበሾች ጋር በተጋራነው ቤት አንዲት ክፍል ነበረችን። እንዲህ ያሉ ፊልሞች በዲሽ የሚመጡት በፈረንጆች ገና ሰሞን ነው። አባቴ በሩን ቆልፎ ድምፁን ጭራሽ ያጠፋዋል። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረንም፤ አፈሳው ደግሞ በርትቷል። የገና ዘፈን ከክፍላችን ከወጣ ሰው ይጠቁምብናል ብሎ ይፈራል። ታዲያ ከፊቱ ያስቀምጠኝና የጨፋሪዎቹን እግር እያየ ጀርባዬ ላይ በጣቶቹ ይጨፍርልኛል። ሲሚንቶ ያሻከራቸው ጣቶቹ በሹራቤ ላይ እንኳ ይቧጥጡኛል።

አንድ ቀን «አባዬ፣ ምን እያሉ ነው የሚዘፍኑት?» አልኩት።

«ድምፁን አገራችን ስንገባ እንሰማዋለን፣ ኢንሻአላህ።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ደግሞ ድምፁ አገር ቤት ተቀምጦ የሚጠብቀን መሰለኝ።

በማግስቱ አባቴ ለቀን ሥራ እንደወጣ አልተመለሰም። በኋላ እኔንና እናቴንም አፍሰው ወደ አገር ሲመልሱን ቀድሞን የገባ መስሎኝ፣ ስንደርስ ኤርፖርቱ ውስጥ የሰው ሁሉ ፊት ላይ ፈለግኩት። እስከ ዛሬ ወሬው የለም።

ትናንት ድምፁን አጠፋሁትና ጠበቅኩ። ሰዎቹ ይጨፍራሉ። ጀርባዬ ላይ ግን ምንም የለም።