በፍየል ቆዳ የተቀረጸች ማኪና

ወንድምአገኝ ወልደኢየሱስ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ማኪና ሲጠግን ኖሯል። የራሱ ብሎ የሠራው ግን አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም አሥራ አንድ ዓመት ፈጅታበታለች። ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ያለው ጋራዡ ገብቶ ያያት ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነው፦ «ምነው እንዲህ አጠረች?» እውነትም ቁመቷ ከሰው ወገብ ብዙም አያልፍም። ሁለት መቀመጫ ብቻ አላት። ሞተሯ ከፊት ሳይሆን ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ነው። ቀለሟ ቀይ ነው፤ ቀይ የሆነችበት ምክንያት ደግሞ ሊማሊሞ ላይ ይገኛል።

ሊማሊሞ ከዛሪማ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ የሚወጣው ጥምዝምዝ ዳገት ነው። በ1965 ዓ.ም. ወንድምአገኝ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳለ የቄስ ትምህርቱን ትቶ የጭነት ማኪና ረዳት ሆኖ ነበር። ሾፌሩ ካሣዬ የሚባል የአዲ አርቃይ ሰው ነው፤ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቱ ቢሆን ነው። አንድ ቀን ጠዋት ዳገቱን ሲወጡ፣ ከሁሉም ጥምዝ ጠባቡ ላይ አንዲት ዝቅ ያለች ቀይ ማኪና መንገድ ዘግታ አገኙ። ሆዷ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት ፈረንጆች አጠገቧ ቆመው ራሳቸውን ያካሉ።

ካሣዬ ወረደና ዞራት። ጎንበስ ብሎ ከሥር አያት።

«ሸጋ ናት» አለ። «ግን የሠራት ሰው ሊማሊሞን አያውቅም።»

«ሊማሊሞን የሚያውቅ ሰው ይሥራታ!» አለ ወንድምአገኝ።

«ማን? አንተ? እስቲ መጀመሪያ ጎማ መፍታት ልመድ!» ካሣዬ ሳቀ። «ከሠራሃት ግን ቀድመህ እኔን ነው ይዘህ የምትወጣ።»

«እሺ፣ አያ ካሣዬ።»

ከኋላ ከደረሱ ሁለት መንገደኞች ጋር ለስድስት ሆነው ተሸክመው አሳለፏት። ወንድምአገኝ የማኪናዋን ሆድ የቧጨረውን ድንጋይ አንሥቶ ጭነቱ ላይ ጣለው። ያ ድንጋይ ዛሬም ጋራዡ ውስጥ አለ። በኋላ የራሱን ማኪና መሥራት ሲጀምር የሆዷን ከፍታ የለካው በሜትር ሳይሆን በእሱ ነው፤ ድንጋዩን ከሥሯ አስገብቶ ይገፋታል፣ ከነካችው ሞላዎቹን እንደገና ይፈታል።

እንዲህ ያለች ማኪና ለብቻ መሥራት ለምን እንደሚከብድ ማስረዳት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ችግሩ ሰው እንደሚገምተው ፍጥነቱ ላይ አይደለም። ፍጥነቱ እንዲያውም ቀላሉ ነው። አንድ ደኅና ሞተር ከተገለበጠች የቤት ማኪና ይፈታል፣ ከመቀመጫው ጀርባ ይታሰራል። ከባዱ ዕቃ መሀል ሲሆን ማኪናዋ ጥምዝ ላይ ቶሎ ትታጠፋለች። ረጅም ቀርከሃ በትከሻው ይዞ በጠባብ መንገድ ሊዞር የሞከረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጫፍና ጫፍ ያለ ክብደት አልዞርም ይላል። ሻንሲውንም፣ ማለት አጥንቷን፣ ወንድምአገኝ ሆዱ ክፍት ከሆነ ቱቦላሬ ብረት በየዳው። መከራው ያለው በትንንሹ ዕቃ ነው። የፊት መስታወት የሚሠራ ፋብሪካ አንዲት መስታወት ብቻ ሥራልኝ ቢሉት አይሰማም፤ ሺዎች እዘዝ ይላል። በአውሮፓም ቢሆን በትንሽ ጋራዥ ፈጣን ማኪና የሚሠሩ ሰዎች መብራቱን ከአንዱ፣ የበር እጀታውን ከሌላው እየለቀሙ ነው የሚኖሩት። ወንድምአገኝ የአንድ ሚኒባስ የኋላ መስታወት ፊት ለፊት እስኪገጥምለት ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ የጣሪያውን ቅርጽ ሲለዋውጥ ከረመ። ማኪናዋ ለመስታወቱ ተሠራች ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ገላዋን የቀረጸበት ዘዴ ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ላሜራውን ከመቅረጻቸው በፊት የማኪናውን ሞዴል ከጭቃ ይሠራሉ፣ በኮምፒውተር ይስላሉ። ወንድምአገኝ የብራና ጸሐፊ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ወልደኢየሱስ የፍየል ቆዳ ዘፍዝፈው፣ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥረው፣ ፍቀው ብራና ሲያወጡ እያየ አደገ። እርጥብ ቆዳ ተወጥሮ ሲደርቅ ራሱን ይስባል። ጎድጓዳም ጉብታም አይተውም፤ ከአንዱ ማሰሪያ ወደሌላው የሚሄደውን ለስላሳ መንገድ ራሱ ያገኛል። «ቆዳ አይዋሽም» ይሉ ነበር መሪጌታ። ወንድምአገኝም በብረት አጥንቱ ላይ እርጥብ ቆዳ ወጠረ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ከዚያ ላሜራውን ከቆዳው ጋር እያስተያየ እስኪስማሙ ድረስ በመዶሻ ቀጠቀጠ። በዚህ መንገድ የወጣው የቀኝ ጎኗ እጅ ሲያሳልፉበት ውኃ የዳሰሱ ያህል ነው።

ማኪናዋ ተሠርታ ያለቀችው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሐምሌ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ከአዲ አርቃይ ስልክ ተደወለ። ካሣዬ ነው።

«ዐይኔ እየሄደ ነው» አለ። «የግራው ጠፍቷል። ሐኪሙ የቀኙም ብዙ አይቆይም ብሎኛል። ያች ማኪናህ አልቃለች ወይስ ለልጅ ልጅህ ልታወርሳት ነው?»

«አልቃለች።»

«እንግዲያ ሳላያት እንዳታስቀረኝ።»

ወንድምአገኝ በማግሥቱ ማልዶ ወደ ተሽከርካሪ ምርመራ ቢሮ ሄደ። ታርጋ የሌላት ማኪና ወደ ቢሮው ልትነዳ ስለማትችል፣ እስከዳር የምትባል ወጣት መሐንዲስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሷ ወደ ጋራዡ መጣች። ቅጹን አውጥታ መሙላት ጀመረች።

«ፋብሪካው ማን ይባላል?»

«ወንድምአገኝ።»

«የሻንሲ ቁጥር?»

«አንድ።»

«ኧረ ጋሼ! አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ነው የሚፈለገው።»

«የሠራሁት አንድ ነው፤ ምን ብዬ ልጨምር?»

እስከዳር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሺ፣ እሱ ይቅር። አዲስ የተሠራ ማኪና ደኅንነቱ የሚረጋገጠው ከግንብ ጋር ተጋጭቶ ነው።»

«ከተጋጨች በኋላስ?»

«ሌላዋን ይነዷታል።»

«ሌላዋ የታለች?»

የትንሽ ሠሪ ሁሉ እንቅፋት እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የተጻፈው በሺዎች ለሚያመርት ነው፤ አምስቱን ሰብሮ የቀሩትን ይሸጣል። አንዲት ብቻ ያለችው ሰው ደኅና መሆኗን ለማሳየት ሊያጠፋት ነው። እስከዳር ይህን ታውቃለች፤ ሕጉም ክፉ እንዳልሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ማድረግ የምትችለውን ነገረችው፦ ከዛሪማ ደባርቅ፣ ለአንድ ቀን፣ እሷ በፒካፕ ከፊት እየመራች፣ የሙከራ ፈቃድ ልታጽፍለት ትችላለች። ደብዳቤው የሚያገለግለው ዓመቱ እስኪያልቅ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደርሷል።

ከዚያ ከቦርሳዋ የግንበኛ ሲባጎ አወጣችና ከማኪናዋ አፍንጫ እስከ ጅራት መሀል ለመሀል ወጠረችው። ቀኙን ለካች። ግራውን ለካች። ግራውን እንደገና ለካች።

«ጋሼ፣ ይህን ጎን መቼ ነው የሠሩት?»

ወንድምአገኝ መልሱን ከመናገሩ በፊት ገባው። ቀኙ የተሠራው በጥር፣ ቆዳው እንደ ከበሮ በደረቀበት ወር ነው። ግራው በክረምት ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወንዙ ሞልቶ ይተናል፣ ቆዳውም የደረቀ እየመሰለ ረግቦ ወደ ውስጥ ገብቷል። እሱም የረገበውን ተከትሎ ላሜራ ቀጠቀጠ። ከፊት ጎማው በላይ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። እስካሁን ማንም አላየውም፤ የማኪና ሁለት ጎን በአንድ ጊዜ የሚያይ ሰው የለምና። መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር ግን ጎማው ላሜራውን ይልጠዋል። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ መሪ ጥግ ድረስ ሳይዞር የሚታለፍ ጥምዝ የለም።

«አባቴ ቆዳ አይዋሽም ይለኝ ነበር» አለ።

«ቆዳውማ አልዋሸም» አለች እስከዳር። «ረጥቤአለሁ ነው ያለዎት።»

ያንን ላሜራ ቆርጦ ሌላ ቀጥቅጦ ለመግጠም ቢያንስ ሁለት ወር ይፈልጋል። ላሜራውን ቆርጦ ጎማውን ሳይሸፍን እንዳይሄድ እስከዳር ከለከለች፤ ጎማው ድንጋይ ያስፈነጥራል። ወንድምአገኝ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገብቶ ከአልጋ ሥር አንድ ጥቅል አወጣ። አባቱ ከማረፋቸው በፊት ፍቀው የጨረሷቸው፣ ገና ለገጽ ያልተቆረጡ ሦስት ብራናዎች ናቸው። ሠላሳ ዓመት አልነካቸውም። የቄስ ትምህርቱን ጥሎ ማኪና ላይ በወጣ ጊዜ መሪጌታ አልተቆጡም ነበር፤ «ብራናው ይጠብቅሃል» ብቻ ነው ያሉት።

የግራውን ላሜራ ቆረጠ። በቦታው ብራናውን እርጥብ እርጥብ አድርጎ ወጠረ። ደግነቱ ሦስት ቀን ተከታትሎ ፀሐይ ወጣ። ሚስቱ የትነበርሽ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«አባትህ ወንጌል ሊጽፉበት ነበር» አለች። «አንተ የጭቃ መከላከያ አደረግኸው።»

እሱ ማሰሪያውን አንድ ዙር አጠበቀ።

እስከዳር መጥታ በጣቷ ስትቆረቁረው ድም አለ። መሪውን ጥግ ድረስ አዞረች፤ ጎማው አልነካም። «ደብዳቤው ጎማው ይሸፈን ነው የሚለው» አለች እየሳቀች፣ «በምን እንደሚሸፈን አይልም።»

ነሐሴ ሃያ ስምንት ማኪናዋን በጭነት ማኪና ዛሪማ አወረዷት። ካሣዬን የልጁ ልጅ ከአዲ አርቃይ አመጣችው። ሽማግሌው ቀይዋን ነገር በቀረችው ዐይኑ ጠጋ ብሎ አያት፣ ጣሪያዋን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ከዚያ ሁለት ሰው ደግፎ አስቀመጠው።

«ይህ መቀመጫ ነው መቃብር?» አለ ከታች።

«ታገሥ አያ፣ እግርህን ዘርጋ።»

ሞተሩ ተነሣ። እስከዳር በፒካፑ ከፊት ሄደች። የመጀመሪያዎቹን ጥምዞች ወንድምአገኝ ፈራ ተባ እያለ አለፈ። ከዚያ ካሣዬ መናገር ጀመረ። የሚያየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሃያ ስድስት ዓመት የነዳበትን መንገድ ሰውነቱ ያውቀዋል።

«አሁን ግራ ነው፣ ረጅም ነው፣ አትቸኩል። ... እዚህ ጋ ምንጭ ይወርዳል፣ ያንሸራትታል። ... ሁለተኛ ማርሽ አግባ! ምነው እንደ ሙሽራ ትቅለሰለሳለህ? ንዳት!»

ወንድምአገኝ ነዳት። የሞተሩ ድምፅ ገደሉን መትቶ ይመለስ ነበር። ያ ጠባቡ ጥምዝ ላይ ሲደርሱ ማኪናዋ ሳትነካ፣ ሳትቧጭር ዞራ ወጣች። ሽማግሌው እጁን ወደ ጎን ሰዶ የወንድምአገኝን ጉልበት ጨበጠ።

ደባርቅ ሊደርሱ ጥቂት ጥምዞች ሲቀሩ ዝናቡ ወረደ።

ድም፣ ድም፣ ድም።

«ምንድን ነው ይህ? ከበሮ ይዘህ ነው የመጣህ?» አለ ካሣዬ።

ብራናው ረግቧል፤ እየዞረ ያለው ጎማ ይደልቀዋል። ወንድምአገኝ ቀስ አለ። በሚቀጥለው ግራ ጥምዝ ላይ ጎማው ቆዳውን ያዘና ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ያልተሸፈነው ጎማ የሊማሊሞን ቀይ ጭቃ በመስኮቱ አስገብቶ ሾፌሩን አለበሰው። ደባርቅ መግቢያ ላይ ሲቆሙ ከወንድምአገኝ ፊት የሚታየው ዐይኑና ጥርሱ ብቻ ነበር። እስከዳር ከፒካፑ ወርዳ ተሰብስቦ ከሚስቀው ሰው መሀል ቅጿን ይዛ መጣች።

«እሺ አያ» አለ ወንድምአገኝ ጭቃውን እየጠረገ። «የሠራት ሰው ሊማሊሞን ያውቃል?»

ካሣዬ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ ዝናቡን ዳሰሰ።

«ሊማሊሞንስ ያውቃል» አለ። «ክረምትን ነው ገና ያልለመደ።»

ታርጋ እስከ ዛሬ አልተገኘላትም። በተከተለው ጥር ወንድምአገኝ ግራውን ጎን እንደገና ሠራው፤ የተተረተረው ብራና የጎማው ማህተም እንዳለበት ከድንጋዩ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ካሣዬ አሁን ጨርሶ አያይም። ፀሐይ በጠናች ጊዜ ግን ዳገቱ አምሮት ከአዲ አርቃይ ይደውላል፤ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣

«ቆዳው ደርቋል?» ይላል።